ለጀልባ ላፕቶፕ የባሕር ካርታ ሶፍትዌር መምረጥ፤ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው የሚካሄደው 11 ሜትር ርዝመት ባለው የሸራ ጀልባ ላይ ነው። የጀልባው ታችኛ አካል ውሃ ውስጥ 1.8 ሜትር ይጠልቃል። ላፕቶፑ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ሲሆን 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እና ዊንዶውስ አለው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ቢኖረው ኖሮ የመጀመሪያው ሥራ እሱን መቀየር ይሆን ነበር፤ ጀልባ በማዕበል ሲመታ ያ ዲስክ ብዙ አይቆይም። ጀልባው ላይ ቀድመው የተገጠሙት የጥልቀት መለኪያ፣ የነፋስ መለኪያ፣ አውቶፓይለት እና የኤአይኤስ መቀበያ (ሌሎች መርከቦች ስለ ማንነታቸውና ቦታቸው የሚያሰራጩትን ምልክት የሚቀበል) ናቸው። ሁሉም የሚነጋገሩት በድሮው የባሕር መሣሪያዎች የመረጃ ቋንቋ፣ በኤንኤምኢኤ 0183 ነው።

ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ፕሮግራም፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ኤክዲስ አይደለም። ኤክዲስ ዓይነቱ ተመርምሮ የጸደቀ የመርከብ ኤሌክትሮኒክ ካርታ መሣሪያ ነው፤ ሶላስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 ድረስ በትልልቅ መርከቦች ላይ ደረጃ በደረጃ ግዴታ ሆኗል። እኛ የምንጭነው ረዳት ነው። ስለዚህ የወረቀት ካርታው ከጠረጴዛው አይነሳም።

1ኛ ቀን፤ ካርታው ይቅደም

አብዛኛው ሰው ፕሮግራሙን ያወርድና ካርታ ፍለጋ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ የጠየቅነው ጀልባው ለሚሄድበት ውሃ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ፣ በየጊዜው የሚታደስ ካርታ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚመጣ ነው። ይህ ከተመለሰ ከፕሮግራሞቹ ግማሾቹ ሳይሞከሩ ይወድቃሉ።

ፋይሎቹ ሁለት ወገን ናቸው። ራስተር የሚባለው የወረቀቱ ካርታ ፎቶ ነው። ቬክተር ደግሞ እያንዳንዱ ቦያ (ተንሳፋፊ ምልክት)፣ እያንዳንዱ መብራት፣ እያንዳንዱ የጥልቀት መስመር ለየብቻው የተመዘገበበት የመረጃ ቋት ነው። ራስተር ከመጠን በላይ ሲጎላ ይደበዝዛል፤ በዚህም ልኩን ራሱ ይናገራል። ቬክተር ግን ምንጊዜም ጥርት ብሎ ስለሚሣል፣ ከመቶ ዓመት በፊት የእርሳስ ብረት በታሰረበት ገመድ የተለካውን ቦታ ትናንት የተለካ ያስመስለዋል።

የየአገሩ የባሕር ካርታ ቢሮዎች ቬክተር ካርታ የሚያወጡበት ፎርማት ኤስ-57 ይባላል። እትም 3.1 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ እስካሁን ይሠራል። ተተኪው የኤስ-100 ቤተሰብ ነው፤ አዲስ የሚገጠም ኤክዲስ እሱን ማንበብ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ እ.ኤ.አ. 2029 ስለሆነ ለዚህ ጀልባ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ኤስ-57 ተመስጥሮ ሲሸጥ ኤስ-63 ይሆናል። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖአ) የራሱን ውሃ ካርታ በኤስ-57 በነጻ ያወጣል፣ በየሳምንቱም ያድሳል። ራስተሮቹን ግን እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2019 አሳውቆ አሁን ሙሉ በሙሉ ዘግቷቸዋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ራስተር ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ይዞ መነሳት አያዋጣም።

በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን፣ መላውን ዓለም ይሸፍናል የሚባለውን አሮጌ የሲኤም93 ካርታ ስብስብ ከዝርዝሩ አውጥተነዋል። ፈቃድ የሌለው መሆኑ አንድ ነገር ነው። ማሻሻያ አለማግኘቱና በአንዳንድ ቦታ የባሕሩ ዳርቻ ከእውነተኛው ቦታ ተንሸራቶ መሣሉ ደግሞ ሌላ።

2ኛ ቀን፤ እጩዎቹ

ሲክሊር፦ ነጻ ነው፣ በጣም ቀላል ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል። የሚያነበው ራስተር ብቻ ስለሆነ በትናንቱ ምክንያት ወደቀ።

ኦፕንሲፒኤን፦ ነጻና ክፍት ምንጭ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ እና በአንድሮይድ ይሠራል። ኤስ-57ን እና ቢኤስቢ የሚባለውን የራስተር ፎርማት እንደመጡ ያነባል። የተመሰጠሩ የንግድ ካርታዎችን ደግሞ ኦ-ቻርትስ ከሚባለው ሻጭ በተጨማሪ ፕለጊን ያነባል። የእነዚህ ፈቃድ ከኮምፒውተሩ «የጣት አሻራ» ፋይል ጋር ይታሰራል። ኮምፒውተሩ ሲቀየር አሻራው ስለሚቀየር፣ ፈቃዱን በዩኤስቢ ዶንግል ላይ ማሰር ይሻላል። ላፕቶፑ ውሃ ቢገባበት ዶንግሉ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካል።

ኪውቲቪኤልኤም፦ ነጻ ነው። ጠንካራ ጎኑ በአየር ሁኔታ ትንበያ ላይ ተመሥርቶ የጉዞ መስመር ማስላት ነው። ካርታ ያነባል፣ ኤአይኤስ ያሳያል፤ ምናሌው ግን ጥልቅ ጫካ ነው፤ መሪ ይዞ አንድ እጅ ብቻ ለቀረው ሰው የሚሆን አይደለም።

ኮስታል ኤክስፕሎረር እና ታይምዜሮ፦ ሁለቱም የሚከፈልባቸው ናቸው፣ ሁለቱም በዊንዶውስ ላይ የተመሠረቱ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሰናድተው የሚመጡ ናቸው። ገንዘቡ ካለና ቅንብር ውስጥ መግባት የሚሰለች ከሆነ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ኤክስፔዲሽን የእሽቅድምድም ሰዎች መሣሪያ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከልክ በላይ ነው።

ለሙከራ የቀሩት ኦፕንሲፒኤን እና ኪውቲቪኤልኤም ናቸው። ሁለቱም ነጻ ስለሆኑ ካልተስማሙ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነው።

3ኛ ቀን፤ ጂፒኤስ እና የሚሮጠው የማውስ ቀስት

በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ውስጡ የዩ-ብሎክስ ቺፕ ያለበት ትንሽ ጂፒኤስ ገዝተናል። ኬብሉ 2 ሜትር ስለሆነ በመስኮቱ ሥር፣ ከብረት ርቆ ተለጠፈ። ላፕቶፑ ሲነሳ የማውሱ ቀስት በራሱ ስክሪኑን መሮጥ፣ ፋይል መክፈት፣ መስኮት መዝጋት ጀመረ።

ቫይረስ አይደለም። ጂፒኤሱ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ጽሑፍ ያለማቋረጥ ይልካል። ዊንዶውስ እየተነሳ ሳለ ይህን ጅረት ሲያይ ከድሮ ዘመን የሲሪያል ማውስ ጋር ያምታታዋል። መፍትሔው ዲቫይስ ማኔጀር ተከፍቶ በማውሶቹ ዝርዝር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ሲሪያል ቦልፖይንት» የሚለውን ማሰናከል ነው። ማጥፋት ሳይሆን ማሰናከል፤ ከጠፋ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ቀስቱ አላስይዝ ካለ ጂፒኤሱን ነቅሎ፣ ዊንዶውስ እስኪነሳ ጠብቆ፣ መልሶ ሰክቶ ወዲያው ማሰናከል ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር የኮም ቁጥር፣ ማለት ዊንዶውስ ለተሰካው መሣሪያ የሚሰጠው የመግቢያ ቁጥር ነው። ጂፒኤሱ በግራው ቀዳዳ ሲሰካ ኮም 5፣ በቀኙ ሲሰካ ኮም 7 ሆነ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ኮም 5 ላይ እየጠበቀ ቀረ። ቀዳዳው ላይ በማይለቅ ቀለም «ጂፒኤስ» ተብሎ ተጻፈበት። ርካሽ መፍትሔ ነው፣ ይሠራል። በዚያው አጋጣሚ በኃይል ቅንብር ውስጥ ዊንዶውስ ዩኤስቢን ለቁጠባ እንዳያጠፋ ተከለከለ። ይህ ካልተደረገ አንድ ሌሊት ላይ ጂፒኤሱ ያለ ምክንያት ይተኛል።

በቀጥታ በዩኤስቢ የሚሠራ የዩ-ብሎክስ ቺፕ ላይ የቦድ ፍጥነት (መረጃው በሽቦው የሚያልፍበት ፍጥነት) ምን ተብሎ ቢሞላ ለውጥ የለውም። የሲሪያል መቀየሪያ ኬብል ላይ ግን ለውጡ የሞትና የሕይወት ነው፤ ያ ነገ ነው።

ላፕቶፑ ከመዘጋቱ በፊት ጂፒኤሱ የሚልከው ጥሬ ጽሑፍ ታየ። አር-ኤም-ሲ በሚባለው መስመር ውስጥ ከሰዓቱ ቀጥሎ አንድ ፊደል አለ። «ኤ» ከሆነ ቦታው ልክ ነው፤ «ቪ» ከሆነ መቀበያው ሰዓት እንጂ ቦታ አላገኘም። ቀጥሎ ኬክሮሱ ይመጣል። 1236.500 ተብሎ የሚጻፈው 12 ዲግሪ ከ36.500 ደቂቃ ነው። 12.365 ዲግሪ ብሎ ያነበበ ሰው ከ14 የባሕር ማይል በላይ ይስታል። ይህ ስሕተት ነጥቦችን በእጅ ስንሞላም ይመጣል። 12 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የሚለውን ቦታ «30.50 ደቂቃ» ብሎ መሙላት ነጥቡን 617 ሜትር ያህል ያንሸራትተዋል። ለዚህ ነው በፕሮግራሙ፣ በሬዲዮው እና በእጅ ጂፒኤሱ ላይ የቦታ አጻጻፉን አንድ ዓይነት፣ ዲግሪ ከደቂቃ፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ያደረግነው። ሦስተኛው አሃዝ አንድ ሲጨምር 1.85 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ዝርዝር አይጠቅምም።

4ኛ ቀን፤ የቀሩትን መሣሪያዎች ማገናኘት

የጥልቀት፣ የነፋስ እና የአውቶፓይለቱ መስመር በ4800 ቦድ ነው፤ ኤአይኤስ በ38400። ሁለቱን በአንድ ገመድ ላይ ማዋሃድ የተለመደ ስሕተት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 4800 ቦድ በሴኮንድ 480 ፊደል ያሳልፋል። አንድ መስመር እስከ 82 ፊደል ስለሚደርስ በሴኮንድ ስድስት ሙሉ መስመር አይሞላም። መርከብ በበዛበት ቦታ ኤአይኤስ ብቻውን ከዚህ ያልፋል። ሲሞላ መስመሮቹ መሃል ላይ ይቆረጣሉ፤ ምልክቱም መርከቦች ብቅ ጥልቅ ማለታቸውና ጥልቀቱ ለጥቂት ሴኮንዶች መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ኬብል፣ ሁለት ግንኙነት ተደረገ። በኦፕንሲፒኤን የግንኙነት ገጽ ላይ የማረጋገጫ ድምር ቁጥጥር የሚለው ምልክት ተደርጎበታል። ከኮከቡ ምልክት በኋላ የሚመጡት ሁለት ፊደሎች ካልገጠሙ መስመሩ ይጣላል።

ኬብሉን በተመለከተ አንድ ሰዓት ሙሉ የባከነው በርካሽ መቀየሪያ ነው። ድራይቨሩ ተጫነ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ግን ቢጫ ምልክትና «ኮድ 10» ወጣ። ቺፑ የሌላ አምራች ቅጂ ሲሆን አዲሱ ድራይቨር አውቆ እምቢ ይላል። በኤፍቲዲአይ ቺፕ በሚሠራ፣ የአርኤስ-422 መውጫ ባለውና በኤሌክትሪክ በተነጠለ ኬብል ተቀየረ። መነጠሉ ለጌጥ አይደለም። ላፕቶፑም መሣሪያዎቹም ከአንድ ባትሪ ሲመገቡ በመሬት ሽቦው በኩል ዙር ይፈጠራል። ሬዲዮው ሲያስተላልፍ የጥልቀቱ ቁጥር ሲዘል የነበረው በዚህ ነበር። ከመሣሪያው የሚወጡት «ሀ» እና «ለ» ሽቦዎች ተገላብጠው ከታሰሩ ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ቆሻሻ ፊደል ይመጣል። የፍጥነት ስሕተትም ተመሳሳይ ቆሻሻ ያመጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፍጥነቱን፣ ቀጥሎ ሽቦውን መፈተሽ።

በዊንዶውስ አንድ ኮም በአንድ ጊዜ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ይከፈታል። ኪውቲቪኤልኤምም መረጃውን እንዲያገኝ ኦፕንሲፒኤን የተቀበለውን በኔትወርክ፣ በቲሲፒ ቁጥር 10110 ላይ እንዲያወጣ ተደረገ፤ ሌላው በ127.0.0.1፣ ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ ይገናኛል። 10110 ለኤንኤምኢኤ 0183 በይፋ የተመደበ ቁጥር ስለሆነ ብዙ ፕሮግራም ያለ ምንም ለውጥ ያውቀዋል።

5ኛ ቀን፤ ካርታ መጫንና ጥልቀት

ለሙከራ የኖአ ካርታዎች ወረዱ፤ ለጉዞው ውሃ የተገዙት ደግሞ በሌላ ፎልደር ተቀመጡ። የአንድ ኤስ-57 ካርታ መሠረት ፋይል በ«.000» ያልቃል። ማሻሻያዎቹ «.001»፣ «.002» እያሉ ይከተላሉ፤ የሚገቡትም በተራ ብቻ ነው። «.003» ከጎደለ «.004» ቢኖርም አይገባም፣ ካርታው ግን ምንም ሳያማርር ይከፈታል። ስለዚህ ከተጫነ በኋላ የካርታውን መረጃ ከፍቶ የማሻሻያ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። ፋይሉ ስላለ ገብቷል ማለት አይደለም።

ኦፕንሲፒኤን ኤስ-57ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት ወደ ራሱ ፎርማት ይቀይረዋል፤ ለዚህም ነው ወደ አዲስ ቦታ በተሄደ ቁጥር የሚንተፋተፈው። በካርታ ቅንብር ውስጥ ሁሉንም አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ቁልፍ አለ። ላፕቶፑ በግድግዳ ኤሌክትሪክ ላይ ሳለ ያንን ተጭኖ ትቶ መሄድ ነው፤ ብዙ ካርታ ካለ ሰዓታት ይወስዳል። ባሕር ላይ ሆኖ፣ ወደብ ሲገባ ማድረግ ሞኝነት ነው።

አሁን የጥልቀት መስመሩ። ጀልባው 1.8 ሜትር ይጠልቃል፤ 0.7 ሜትር መጠባበቂያ ሲታከል 2.5 ሜትር ይሆናል። ይህ ተሞላ። ስክሪኑ ላይ ግን 2.5 የሚባል መስመር የለም። ቬክተር ካርታ ውስጥ ያሉት መስመሮች ቀያሹ ያስቀመጣቸው ብቻ ናቸው፤ እዚህ 0፣ 2፣ 5 እና 10 ናቸው። በኤስ-52 የአሣሣል ደንብ መሠረት ፕሮግራሙ ወደሚቀጥለው ጥልቅ መስመር፣ ወደ 5 ይሄዳል። ስለዚህ ከ2 እስከ 5 ሜትር ያለው ውሃ ሁሉ አደገኛ ተብሎ ይቀባል፣ ወደቡ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል። በዚህ የሚናደድ ሰው ቁጥሩን ወደ 2 ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ ከጀልባው ሥር 20 ሴንቲሜትር የቀረበት ቦታ ነጭና ሰላማዊ ሆኖ ይታያል። 5 ላይ ይቆይ፤ በሰማያዊው ውስጥ የነጥብ ጥልቀቶቹን በዓይን ማንበብ ነው ሥራው።

የነጥብ ጥልቀቱ ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ካትዞክ የሚባለው ደረጃ ይነግራል። ኤ1 ከሆነ የቦታ ስሕተቱ 5 ሜትር ሲደመር የጥልቀቱ 5 በመቶ፣ የጥልቀት ስሕተቱ ግማሽ ሜትር ሲደመር የጥልቀቱ 1 በመቶ ነው። ቢ ከሆነ ቦታው 50 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ሲደመር 2 በመቶ። ሲ ከሆነ ቦታው 500 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ሲደመር 5 በመቶ። ስለዚህ ሲ በሆነ አካባቢ «4» ተብሎ የተጻፈ ነጥብ በ2.2 ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ የሚቀረው 1.8 ነው። ልክ የጀልባው መጥለቂያ። ይህ ንብርብር ቅንብሩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚመጣ ለእቅድ ጊዜ መክፈት፣ ሲጓዙ መዝጋት ይሻላል፤ ክፍት ከሆነ ስክሪኑን በኮከብ ይሞላዋል።

6ኛ ቀን፤ የማሳነስ ፈተና

ከሁሉም ፈተናዎች ለምርጫው የወሰነው ይህ ነው። ዘዴው፦ በቅርብ ካርታ ላይ ብቻውን የቆመ አለት መምረጥ፣ ከዚያ እያሳነሱ አለቱ በየትኛው ልኬት ላይ እንደሚጠፋ መመዝገብ። በኤስ-57 ውስጥ ብዙ ነገሮች ስካሚን የሚባል ቁጥር አላቸው፤ ካርታው ከዚያ ልኬት በላይ ሲያንስ ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ይደበቃሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አደጋው ደግሞ እዚያው ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2014 በዓለም ዙሪያ እሽቅድምድም ላይ የነበረው ቲም ቬስታስ ዊንድ የተባለ ጀልባ በሕንድ ውቅያኖስ፣ በካርጋዶስ ካራጆስ ሪፍ ላይ በሌሊት ወጥቶ ተሰበረ። ዘጠኙም ሰዎች ተርፈዋል። ሪፉ ካርታ ላይ አለ፤ የጉዞው መስመር ሲታቀድ በታየበት የማሳነሻ ደረጃ ግን አደጋነቱ በሚገባ አልታየም። ሰፊውን አካባቢ በአንድ ጊዜ ማየት የሚፈልግ እቅድ አውጪ ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ ነው።

በኦፕንሲፒኤን «በትንሽ ልኬት ዝርዝር ቀንስ» የሚለውን ምልክት ማንሳት ይቻላል። ሲነሳ ስክሪኑ ይጨናነቃል፣ አዝጋሚም ይሆናል፣ ነገር ግን አለቱ አልጠፋም። የተሻለው አሠራር፦ ሲጓዙ ምልክቱ ይኑር፤ አዲስ መስመር ሲሣል ይነሳ፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር በትልቁ ልኬት ላይ በጣት እየተከተሉ ይታይ። አሰልቺ ነው። የ60 ማይል መስመር ይህን ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ይበላል።

የማሳያ ደረጃው «ቤዝ» ላይ ከተቀመጠ የነጥብ ጥልቀት ጨርሶ የለም። ስክሪኑ ያምራል፣ ንጹሕ ነው፣ ለመርከብ መንዳት አይሆንም።

ማጉላትም የራሱ ወጥመድ አለው። ከካርታው ልኬት በላይ ሲጎላ ኦፕንሲፒኤን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያወጣል። ያ ጽሑፍ ሲታይ ጀልባው ከአለቱ «ሦስት ጣት» የራቀ መምሰሉ ትርጉም የለውም።

7ኛ ቀን

የሌሊት ቀለም ተሞከረ። ኤፍ5 ቀኑን፣ ምሽቱንና ሌሊቱን ይቀያይራል። ካርታው ይጠቁራል፤ የዊንዶውስ የታችኛው መስመርና የቁልፍ ሰሌዳው መብራት ግን ዓይን ያጠፋሉ። በኤፍ11 ስክሪኑ ተሞላ፣ የቁልፍ መብራት ጠፋ፣ በስክሪኑ ላይ ቀይ የፕላስቲክ ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ ከየትኛውም ቅንብር በላይ ጠቅሟል።

8ኛ ቀን፤ ኤሌክትሪክ

ላፕቶፑ በተለመደ ሥራ 18 ዋት ይበላል፤ ስክሪኑ ሲደበዝዝ 13። በ12 ቮልት 18 ዋት ማለት 1.5 አምፔር፣ በ24 ሰዓት 36 አምፔር-ሰዓት ነው። በኢንቨርተር በኩል ወደ 230 ቮልት አውጥቶ በቻርጀሩ መልሶ ወደ 19 ማውረድ ግን ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ከባትሪው 27 ዋት ይወጣል። ከ12 ቮልት በቀጥታ ወደ 19 የሚያሳድግ መቀየሪያ ተገጠመ።

ላፕቶፑ ባዶ ባትሪውን እየሞላ ሲሠራ እስከ 65 ዋት ስለሚጠይቅ ሽቦው ለ6 አምፔር መታሰብ አለበት። ርቀቱ 4 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 8 ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 0.55 ቮልት ይጠፋል፤ በ2.5 ካሬ 0.33። ሁለተኛው ተመረጠ፣ 10 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ። የሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት አልተጠቀምንም። በንዝረት ይላላል፣ ይግላል፣ የሚለቀውም ሁልጊዜ በመጥፎ ሰዓት ነው።

ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ከ10 በታች ወርዶ መቀየሪያው ለቅጽበት ጠፋ። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ቀጠለ። የሞተ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ጀልባ ላይ የማይሆነው ለዚህ ነው።

መቀየሪያውና የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ስላላቸው ከኮምፓሱ ከ1 ሜትር በላይ ርቀዋል። ሲበራና ሲጠፋ ኮምፓሱ አለመነቃነቁ ታይቷል።

9ኛ ቀን፤ ሆን ብሎ ማበላሸት

ጀልባው እንደታሰረ ገመዶቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። ጂፒኤሱ ሲነቀል በኦፕንሲፒኤን የጀልባው ምልክት ከቀይ ወደ ግራጫ ተቀየረ። ጸጥ ብሎ። ድምፅ የለም። ሰው መሪ ላይ ሆኖ ላፕቶፑ ታች ካለ ይህ እንደሌለ ይቆጠራል። ዋችዶግ የሚባለው ፕለጊን ተጭኖ ከ10 ሴኮንድ በላይ መረጃ ሲቋረጥ እንዲጮህ ተደረገ፤ መልሕቅ ሲንሸራተትም እንዲሁ። ድምፁ በላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ በሞተር ጩኸት ውስጥ አይሰማም፤ ከውጭ ማጉያ ጋር ተያይዟል።

ኪውቲቪኤልኤም በተመሳሳይ ፈተና ላይ ሌላ ነገር አሳየ። መረጃው የሚመጣለት በኦፕንሲፒኤን በኩል ስለሆነ ኦፕንሲፒኤን ሲዘጋ እሱም ታወረ። ስለዚህ እንደ መጠባበቂያ አይቆጠርም። መጠባበቂያው የራሱ ጂፒኤስ ያለው፣ የራሱ ካርታ የተጫነበት ታብሌት ነው።

ቀሪው የዊንዶውስ ሥራ፦ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ፣ ስክሪኑ በራሱ እንዳይጠፋ፣ ማሻሻያ ለጊዜው እንዲቆም፣ የስልኩ ኢንተርኔት በክፍያ እንደሚለካ ተደርጎ እንዲመዘገብ። አንድ ማሻሻያ ወደብ ሲገባ ዳግም ለመነሳት ከወሰነ ሃያ ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚዘጋባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨሩ ስለሆነ ያለ ኦፕንጂኤል እንዲነሳ ማዘዝ ይቻላል። ይዘገያል፣ ይሠራል። እዚህ አላስፈለገም።

11ኛ ቀን፤ ውሃ ላይ

ለስድስት ሰዓት ወጥተናል። ኤአይኤስ ወደ አደጋ የሚቀርቡትን ብቻ እንዲያስጠነቅቅ ተቀናብሯል፦ መቃረቢያው ከ0.5 የባሕር ማይል በታች፣ እስከዚያ የሚቀረው ጊዜ ከ15 ደቂቃ በታች፣ ከግማሽ ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) በታች የሚንቀሳቀሱት ችላ ይባሉ። የመጨረሻው ካልተደረገ ወደብ ውስጥ የታሰረ ሁሉ ይጮኻል። ትንንሽ ጀልባዎች የያዙት የክላስ ቢ ኤአይኤስ መሣሪያ ብዙ ጊዜ በ30 ሴኮንድ አንዴ ነው የሚያስተላልፈው፤ በ6 ኖት የሚሄድ ጀልባ በዚያ ጊዜ 93 ሜትር ይጓዛል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቦታ የነበረበት ነው እንጂ ያለበት አይደለም። መሣሪያ የሌለው ጀልባ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ጭራሽ የለም።

አውቶፓይለቱ መጀመሪያ አልታዘዘም። ኦፕንሲፒኤን መስመሮቹን የሚያወጣው በ«ኢሲ» የላኪ መለያ ፊደላት ነው፤ ይህ አሮጌ አውቶፓይለት የሚቀበለው «ጂፒ» ብቻ ነው። በቅንብሩ ተለወጠ፣ ታዘዘ። ማጣሪያው ላይ የሚወጡት ወደ ነጥቡ የሚመሩት መስመሮች፣ አር-ኤም-ቢ እና ኤ-ፒ-ቢ ብቻ እንዲሆኑ መወሰን አለበት። ሁሉም እንዲወጣ ከተተወ ከአውቶፓይለቱ የመጣው ተመልሶ ወደ አውቶፓይለቱ ይሄዳል፣ 4800ው መስመር ይሞላል፣ መሪውም ይንገዳገዳል። ለአንድ ነጥብ የመድረሻ ክልሉ 0.05 የባሕር ማይል፣ 93 ሜትር ያህል ሆኗል። ነጥቡ ሲደረስ ጀልባው በራሱ እንዲዞር አልተፈቀደም፤ ዘወር ብሎ የሚያይ ሰው ይቅደም።

12ኛ ቀን

ኦፕንሲፒኤን ዋናው ሆኖ ቀርቷል። ኪውቲቪኤልኤም የታሰረ ጀልባ ላይ፣ ቡና ይዞ የነገ ነፋስ ለማየት ብቻ ይከፈታል። የዲስኩ ሙሉ ቅጂ በውጭ ኤስኤስዲ ላይ ተወስዷል፤ የጉዞ መስመሮቹ በጂፒኤክስ ፋይል ወጥተው ታብሌቱ ላይ ገብተዋል። የካርታ ማሻሻያ በየወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ይሆናል። የቀረው ሥራ የላፕቶፑን መቆሚያ በአራት የጎማ ትራስ ላይ ማሰር እና የዩኤስቢ ኬብሎቹን ከቀዳዳው 10 ሴንቲሜትር ርቀው በቅንጥብ መያዝ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ የተቋረጠው ጂፒኤስ ምክንያቱ የሰው ክርን ነበር።